ዶሮዋ መጣል ስታቆም፦ የሌሊቱን ጠላት ረስተን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ጓሮው ቡናና እንሰት፣ ከሥሩ ደግሞ ዶሮ የሚጭርበት ግቢ ብዙ ነው። ያ ጥላ ለዶሮዎቹ ይመቻል። ለሸለምጥማጥም ይመቻል። ደህና ስትጥል የነበረች ዶሮ ድንገት ስታቆም ግን ቶሎ የሚጠረጠረው መኖዋና ዕድሜዋ ነው። ሌሊት በቆጡ ዙሪያ ምን እንደሚዞር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

«አርጅታለች» ብሎ ለቢላዋ መቸኮል

ወይ ሐሙስ ገበያ ትወጣለች፣ ወይ ወጥ ትሆናለች። እባካችሁ ትንሽ ታገሷት።

አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የሚያልቀው ቅርፊቱን በመሥራት ነው። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ስለምትጥል፣ የሚቀጥለው እንቁላል ቅርፊት የሚለብሰው በዋናነት ሌሊት ነው። ሸለምጥማጥም የሚመጣው ሌሊት ነው። ዶሮ ስትደነግጥ ሰውነቷ የጭንቀት ሆርሞን ይለቃል። ፍርሃቱ ሲደጋገም ደግሞ አዲስ አስኳል እንዲወጣ የሚያዙት ሆርሞኖች ይዳከማሉ። ያለቀለትን እንቁላል ሳትጥል ይዛ የምትቆይም አለች። ያን ጊዜ በቅርፊቱ ላይ ሌላ ካልሲየም ይደረብበታል።

ይሄ በዓይን ይታያል። እንቁላሉን አንስታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ሳሶ ወይም ቦቫንስ ከሚባሉት የውጭ ዝርያዎች ከሆነ ቡናማው ገርጥቶ ኖራ የተነፋበት ይመስላል። አንዳንዱ ወገቡ ላይ ቀለበት ያወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ቅርፊት ሳይኖረው በስስ ሽፋኑ ብቻ ይወጣና ሲይዙት እጅ ላይ ይለመጣል። እርግጥ ልል ቅርፊት በካልሲየም እጥረትም ይመጣል። የመኖ ችግር ግን ቀስ እያለ ነው የሚታየው። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ከተበላሸ፣ ያለፈውን ሌሊት ጠርጥሩ።

የውጭ ምክር እንዳለ መቀበል

«ክረምት ላይ ቀኑ ስለሚያጥር ዶሮ ታቆማለች» የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ለአውሮፓ እውነት ነው። ጅማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። የእኛ ክረምት ችግሩ ሌላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዶሮ ብትጮህም አይሰማም። ስለዚህ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ጠዋት ተነስታችሁ በዶሮ ቤቱ ዙሪያ ጭቃው ላይ ዱካ ፈልጉ።

«አንዷን ወሰደ፣ አለቀ» ማለት

አላለቀም። አንዴ የቀናው አውሬ ተመልሶ ይመጣል። የተረፉትም አይተዋል፣ ሰምተዋል። ዶሮ በጨለማ ዓይኗ ደካማ ነው፤ ከቆጧ ወርዳ የምትሸሽበት የላትም። አውሬው ምንም ሳይወስድ በየሌሊቱ ግድግዳውን ቢቧጭር እንኳ ለእሷ ያው ፍርሃት ነው። አይጥም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ከሥሯ ሲሯሯጥ እንቅልፍ ይነሳታል።

ሽቦ ካለ ይበቃል ብሎ ማሰብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ዶሮ የሚያልቀው በዚህ ነውና። ቀዳዳው ሰፋ ያለው ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ ነው እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈለት ሰውነቱም ያልፋል። ዛፍና ግድግዳም ይወጣል። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ፤ በብዙ ቤት ክፍት የሚቀረው እሱ ነው። ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ምቱበት፣ ወይ በጣውላ ድፈኑት። ከታች ደግሞ ቆፍሮ እንዳይገባ ሽቦውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩ፤ ካልሆነ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩ። ቆጡን ከግድግዳው አርቁት። በሩን ልጆች ሲያስታውሱ ሳይሆን በየቀኑ ሳይጨልም ዝጉ፤ 12 ሰዓት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

የቀኑን ጠላት መርሳት

ጭልፊት ጫጩት እንጂ ያደገች ዶሮ አዘውትሮ አይወስድም። ጥላው ባለፈ ቁጥር ግን ሁሉም መጫሩን ትተው ይሮጣሉ። ከቡናው ሥር ከዋሉ ችግር የለም፤ ግቢው ገላጣ ከሆነ የሚጠለሉበት ዳስ ሥሩላቸው። የራሳችን ውሻ ለጨዋታ ብሎ ሲያባርራቸው ዝም ማለትም ስህተት ነው። ለዶሮዋ ጨዋታ አይደለም።

እንቁላል መጣያዋ ላይ ተቀምጣ የደነገጠች ዶሮ ደግሞ ቦታ ትቀይራለች። ስለዚህ «አቆመች» ያላችኋት እንሰት ሥር ደብቃ እየጣለች ሊሆን ይችላል። ከመፍረዳችሁ በፊት ጓሮውን ፈትሹ። የሐበሻ ዶሮ ከሆነች መታቀፍ ፈልጋም ታቆማለች፤ ያ ተፈጥሮዋ ነው።

በሦስተኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ

አስኳል አድጎ እስኪደርስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱን ዛሬ ብታጠብቁ እንቁላሉ ነገ አይመጣም። ሁለት ሦስት ሳምንት ስጧት። በከባድ ድንጋጤ ላባዋን መጣል ከጀመረች ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል መኖ መቀየር፣ አዲስ ዶሮ መቀላቀል፣ ቤት ማዛወር ይቅር። አዲስ ዶሮ ሲገባ እንደገና ጠብ ይነሳል፣ ያም ሌላ ጭንቀት ነው። በለመደችው ሰዓት የለመደችውን መኖ ስጧት፤ ንጹሕ ውኃም አይለያት።

ለአውሬው ብላችሁ መርዝ አታስቀምጡ። የጎረቤት ውሻ፣ ድመት፣ ከሁሉም በላይ ሕፃን ሊያገኘው ይችላል።

ሁሉንም በፍርሃት ማሳበብ

ይሄኛው ስህተት ከባድ ነው። የፈራች ዶሮ በቀን ትጭራለች፣ ትበላለች። ተኮማትራ ከቆመች፣ ኩሷ አረንጓዴ ውኃ ከሆነ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም አንገቷ ከተጣመመ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ፈንግል በጥቂት ቀን የሰፈሩን ዶሮ ሊጨርስ ይችላል፤ መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። የታመመችውን በፍጥነት ለይታችሁ ለእንስሳት ሐኪም ተናገሩ። የሞተችውንም ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ፤ ቀሪዎቹንም ገበያ አታውጡ።