ዝዋይ ደሴት ሄጄ ልጆች ላስተምር ለምትሉ

ክረምት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። አንዱ ከዋሽንግተን፣ ሌላዋ ከስቶክሆልም። «ጋሼ፣ ዝዋይ ደሴቶች ላይ በነፃ ልጆች ማስተማር ፈልጌ ነበር።» ሐዋሳ ሲደርሱ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ዓሣው ይጣፍጣል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ምክሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዘንድሮ ጽፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ጊዜውን አስቡበት። እናንተ እረፍት የምትወጡት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ልጆቹም እረፍት ላይ ናቸው! ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ገሚሱ ከብት ይጠብቃል፣ ገሚሱ ከአባቱ ጋር መረብ ላይ ነው። በክረምት ከመጣችሁ ንባብና ጨዋታ ይዛችሁ ኑ፤ እሱም ልጆቹ ከሥራ ሲመለሱ። ክፍል ገብቼ አግዛለሁ የሚል ከመስከረም በኋላ ይምጣ።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለች። አንዱ ልጃችን ከአውሮፓ ሻንጣ ሙሉ ቸኮሌት ይዞ መጣና ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው ቱሉ ጉዶ ላይ ልጆቹን አሰልፎ አደለ። ሁሉም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የቀመሰ ግን የለም። አንዷ ትንሽዬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ለምን አትበይም?» ሲላት አቀርቅራ ዝም። ወተት ያለበት ቸኮሌት፣ በጾም! ቀልጦ ነጠላዋ ላይ ተለጠፈ፤ ያጠበችው እናቷ ናት። የማርያም ደሴት ላይ፣ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን ተሸሽጋበት ነበር የሚባልበት ቦታ ላይ፣ ይሄን ሳይጠይቁ መምጣት ይከብዳል። ስጦታ ካላችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ፤ መምህሩ ያድለው። ደብተርና እስክሪብቶ ደግሞ ሐይቁ ዳር ባለችው ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ሞልቷል፣ ከባሕር ማዶ አትሸከሙ።

የአማርኛ ተረት መጽሐፍ በካርቶን የሚያመጣም አለ። ልጆቹ ቤት ውስጥ የደሴቶቹን ቋንቋ፣ ዛይኛ፣ ያወራሉ። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው። ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። ስታነቡለት ዝም ካለ ሰነፍ ነው አትበሉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በጎ ፈቃደኛዋ ክፍል ትገባለች። መምህሩ እንግዳ አክባሪ ነው፣ ጠመኔውን ያስረክባታል። «አንተ ትንሽ አረፍ በል» ትለዋለች። እሱ መጨረሻ ዴስክ ላይ ተማሪዎቹ መሀል ቁጭ። እሷ ስፒከር ከፍታ ታዘፍናለች፣ ታስጨበጭባለች፣ ከረሜላ ትሸልማለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ይነጉዳል፤ የመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ከዚያ እሷ ቦሌ፣ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ፊት። «ቲቸር፣ እንደ እሷ ለምን አታጫውተንም?» ይሉታል። ምን ይመልስ? ዓመቱን ሙሉ እዚያ ውሃ መሀል የሚኖረው እሱ ነው። ደመወዝ ለመቀበል እንኳ ጀልባ የሚጠብቀው እሱ ነው። ልጆቹን ወደን ነው ትላላችሁ፤ ልጆቹ በእጃቸው ያለውን አንድ መምህር እንዲንቁ አድርጋችሁ ግን ትሄዳላችሁ። ይሄ በጎ ፈቃድ አይደለም፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሽራውን ማስነሳት ነው!

ከካናዳ የመጣች አንዲት ልጅ ግን ገብቷታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ኋላ ተቀምጣ በምላጭ እርሳስ ስትቀርጽ ከረመች። ንባብ የከበዳቸውን አንድ በአንድ ዛፍ ሥር እያወጣች ታዳምጣለች። የምታውቀውን የቁጥር ጨዋታ መጀመሪያ ያስተማረችው ለመምህሩ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያጫወተውም እሱ ነው። ኋላ ላይ «ነይ፣ ዛሬ አንቺ ያዢልኝ» ያላት ራሱ ነው።

ሐይቁ ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዚያ አለ፤ ከቀንድ አውጣ የሚወጣ ትል በቆዳ በኩል ይገባል። ጉማሬም አለ። «ልጆቹስ ይዋኙ የለም እንዴ?» የምትሉኝ፣ የቢልሃርዚያ መድኃኒት ለተማሪ የሚታደለው ለምን ይመስላችኋል? ደግሞ እናንተ ከገባችሁ መንደሩ ሙሉ ልጅ ተከትሎ ይገባል። አጎበርም ያዙ፣ ወባ አለ።

ፎቶ፦ ወላጅ ሳይፈቅድ የለም።

ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሳትይዙም ጀልባ ላይ አትውጡ።

«እመለሳለሁ» የምትሉትን ነገር ደግሞ ተዉት። እናንተ ለስንብት ነው የምትሉት፤ ልጁ ግን ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደ ዳር ይሮጣል። የምትሄዱበትን ቀን በመጣችሁበት ቀን ንገሩት፣ ይችለዋል።

ስለ መልሱ ጉዞም ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ይነሳል። ጀልባ ነጂው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ ጨምሬ ልክፈልህ አይሠራም። ስለዚህ ከበረራችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት ባቱ እደሩ። ማታ በረራ ኖሮት በዚያው ቀን ከደሴት እነሳለሁ የሚል ካለ፣ እባካችሁ ለእኔ አይደውል።