ልጅዎ ሲጨነቅ ወይም በድብርት ሲዋጥ ምን ያደርጋሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች መካከል አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶው 14 ዓመት፣ ግማሹ ደግሞ 18 ዓመት ሳይሞላ ይጀምራል። ከሰባት አንዱ ሲባል ሰባ ተማሪዎች ባሉበት አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ያህል ልጆች ማለት ነው። በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ስሠራ እንዳየሁት ግን ወላጅ ልጁን ይዞ የሚመጣው ውጤቱ ካሽቆለቆለ ወይም ከክፍል መቅረት ካበዛ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ነው።

መጀመሪያ የሚያዩትን ይመዝግቡ። ድብርት በልጆችና በወጣቶች ላይ ሁልጊዜ በሐዘን አይገለጥም፤ ብስጩነት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ሌሊት አለመተኛት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ሊሆን ይችላል። አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ራስ ምታቷ አልለቅ ብሎ በየክሊኒኩ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» እየተባለች በተደጋጋሚ መድኃኒት ወስዳለች፤ ምሳ ዕቃዋ በየቀኑ ሳይነካ እንደሚመለስ ያስተዋለችው ግን ዕቃ የምታጥበው የቤት ሠራተኛ ብቻ ነበረች። ስለዚህ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ከቤት መውጣት መግባቱን በአንድ ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፉ። ለውጡ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ «የዕድሜው ነው፣ ያልፋል» ማለት አይበቃም። ሞትን የሚያነሳ ከሆነ ወይም ራሱን ከጎዳ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም።

ቀጥሎ ያለው መጠየቅ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እርሱ ነው። ጠያቂው የግድ አባት ወይም እናት መሆን የለበትም፤ ልጁ የሚቀርባት አክስት ካለች እርሷ ትጠይቅ፣ ወሬ የማታወጣ ከሆነች። ቦታው ደግሞ እንግዳ ያለበት ሳሎን አይሁን። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያዩ መጠየቅ ምርመራ ስለሚመስል፣ አብሮ መንገድ እየሄዱ ወይም ሽንኩርት እየላጡ ማውራት ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ንግግሩን «ምን ሆነሃል?» ብሎ ከመጀመር ይልቅ ከሚታየው ነገር መነሳት ይቀላል፦ «ሰሞኑን ምሳህን ሳትነካ ትመልሳለህ፤ ሌሊትም መብራትህ አይጠፋም። ልቆጣህ አይደለም፤ ልስማህ ብዬ ነው።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ልጁ ዝም ካለም ዝምታውን በምክር አይሙሉት፤ «ዛሬ ካልሆነልህ ነገም እጠይቅሃለሁ» ብለው በማግሥቱ ይመለሱ።

እዚህ ላይ የአብዛኞቻችን አፍ የሚፈጥንባቸው ንግግሮች አሉ። «ምን አጣህ? ምን ጎደለብህ?» የሚለው ልጁን ከሕመሙ ሌላ ውለታ ቢስ ነህ ብሎ ይከስሰዋል። «እኛ በእናንተ ዕድሜ በባዶ እግራችን ተምረን» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሞትን ላነሳ ልጅ «ኃጢአት ነው፣ እንዲህ አይባልም» ሲባል ማሰቡን አይተውም፣ መናገሩን ይተዋል። «እኔን ቅበረኝ፣ በሞቴ ማልልኝ» ብሎ ራሱን እንዳይጎዳ ማስማልም ወላጅን ያረጋጋ ይሆናል እንጂ ልጁን ይጠብቃል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፤ ከማለ በኋላ ሐሳቡ ሲመለስበት ለዚያች እናት መልሶ መንገር ያፍራል።

ልጁ «መኖር ሰልችቶኛል» የሚመስል ነገር ከተናገረ፣ ባይናገርም ተስፋ የቆረጠ ከመሰለ፣ ስለ ራስ ማጥፋት በግልጽ ይጠይቁት። ብዙ ወላጆች «ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» ብለው ይፈራሉ፤ የተደረጉ ጥናቶች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል፣ ይልቁንም ብዙዎችን እፎይ እንደሚያሰኝ ያሳያሉ። አጠያየቁ ደረጃ በደረጃ ይሁን፦ «አንዳንድ ሰው በጣም ሲጨንቀው ብሞት ይሻላል ብሎ ያስባል፤ አንተስ እንደዚያ ታስባለህ?» መልሱ አዎ ከሆነ «ራስህን ለመግደል አስበሃል?»፣ ቀጥሎም «እንዴትና መቼ እንደሆነ አስበሃል?» ይባላል። ድምፅዎ ይረጋጋ፤ ማልቀስ ከመጣብዎ ያልቅሱ፣ ጩኸት ግን አይሁን። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ፤ «ለሚረዳን ሰው ብቻ ነው የምናገረው፣ ለማን እንደሆነም አስቀድሜ እነግርሃለሁ» ማለት ይበቃል። ዘዴና ጊዜ አስቤያለሁ ካለ ወይም ሞክሮ ከሆነ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ቤቱን ማጽዳት ሳይውል ሳያድር የሚደረግ ነው። የፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የአይጥ መርዝና የተራረፈ መድኃኒት ሁሉ ይቆለፍ ወይም ከቤት ይውጣ፤ ከአልጋ ሥር ኬሚካል ማስቀመጥ በተለመደበት የገጠር ቤት ይህ በተለይ ይመለከታል። «መሞት የፈለገ ሌላ አያጣም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ያ ክፉ ሰዓት ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ በእጅ የሚገኝ ነገር ሲጠፋ ሰዓቱ ያልፋል። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባዮችን ካገደች በኋላ ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የራስ ማጥፋት መጠኗ 70 ከመቶ ያህል ቀንሷል።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። በአንዳንዶቹ የአእምሮ ጤና መሠረታዊ ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች አሉ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑም የሪፈር ወረቀቱ የሚጻፈው ከዚያ ነው። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ጥቁር አንበሳ፣ በክልል ደግሞ እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «አማኑኤል ግባ» የሚለውን ስድብ ሰምቶ ያደገ ልጅ ስሙን ሲሰማ ሊደነግጥ ስለሚችል ወዴት እንደሚሄዱና ለምን እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ አታልሎ መውሰድ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይከፈልበታል። የመዘገቡበትን ደብተር ይያዙ፤ ሐኪሙም ልጁን ለጥቂት ጊዜ ብቻውን እንዲያነጋግረው ይጠይቁ። ወላጅ በተቀመጠበት ስለ ሱስ፣ ስለ ድብደባ ወይም ስለ ጥቃት የሚናገር ልጅ ጥቂት ነው።

መድኃኒት የግድ የመጀመሪያው ሕክምና አይደለም፤ ቀለል ላለ ድብርት የንግግር ሕክምናና ክትትል ሊበቃ ይችላል። ከታዘዘ ግን ሦስት ነገሮችን ይወቁ። ለወጣቶች ድብርት በብዛት የሚታዘዘው ፍሎክሰቲን ውጤቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ በሳምንቱ «አልሠራም» ተብሎ አይቆምም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳስጠነቀቀው እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በአንዳንድ ልጆች ላይ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያባብሱ ስለሚችሉ፣ በዚያ ጊዜ ልጁ በቅርብ ይታይ፣ መድኃኒቱም በወላጅ እጅ ይሁን። ለአጎት ወይም ለጎረቤት የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ «ያው ነው» ተብሎ ለልጅ አይሰጥም፤ ለልጆች ድብርት አይመከርም።

ጸበልን በተመለከተ፣ ቤተሰቡ የሚያምንበት ከሆነ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የመዋጫውን ሰዓት ከጾሙና ከጸበሉ ጋር ያስማማልዎታል። ልጁን ማሰር፣ መግረፍ ወይም «መድኃኒቱን ጣለው» የሚል ምክር ባለበት ቦታ ግን ልጅዎን አያሳድሩ።

ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እንቅስቃሴና ማታ ስልክ ከመኝታ ክፍል ስለማውጣት ሁሉም ስለሚያውቀው አላብራራም። ትምህርት ቤት ግን ይረሳል። ለአንድ የሚታመን መምህር ብቻ ይንገሩና ልጁ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ግማሽ ቀንም ቢሆን፣ እንዲመለስ ይስማሙ።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ካለ ውጤት የሚወጣበትን ቀን እንደ አንድ ሥራ ያቅዱት። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ። እንዲህ ባለ ፈተና አለማለፍ የብዙኃኑ ዕጣ መሆኑን ልጁ ከውጤቱ በፊት ከእርስዎ አፍ ይስማው፤ ሬሜዲያልን፣ የግል ድጋሚ ፈተናንና የሙያ ሥልጠናን ቁጭ ብላችሁ አውሩበት። ውጤቱ በስልክ ስለሚታይና ብዙ ጊዜ በምሽት ስለሚለቀቅ፣ በዚያች ምሽት ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን አይየው፤ የጎረቤት ልጅ ስንት እንዳመጣም በዚያ ሳምንት በቤቱ አይነሳ።

ልጁ ሲሻለው ቀጠሮ ማቋረጥ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ከተሻለው በኋላም ለወራት የሚቀጥል ስለሆነ መቆሙን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ልጅ ደግሞ ከወጣ በኋላ ባሉት ሳምንታት አደጋው ከፍ ስለሚል፣ ገና ሳይወጣ የቀጠሮውን ቀን በእጅዎ ያስገቡ፣ የሚወስደውንም ሰው ይመድቡ።