በጣርማ በር ጉም ውስጥ አሽከርካሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚልቅ ከፍታ ላይ ነው። ከቆላው ሽቅብ የሚገፋው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ስለሚሆን፣ ጠዋት በጠራ ፀሐይ የተነሣ መኪና እዚህ ደርሶ ከኮፈኑ ፊት ያለውን ለማየት ሊቸገር ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ፍጥነትን በሚታየው ርቀት ሳይሆን በልማድ መወሰን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ይህ ርቀት ያልፋል፤ በረጠበ አስፋልት ላይ ለመቆም ደግሞ ሌላ 35 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ጉሙ የሚያሳየው 30 ሜትር ብቻ ከሆነ ከፊቱ የቆመውን ከባድ መኪና ያየዋል እንጂ አያመልጠውም። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ሁሉም ተደምሮ 20 ሜትር አይሞላም። በጉም ውስጥ የመንገዱ ዳርና ዳር ስለሚደበዝዝ መኪናው ከእውነተኛው ፍጥነቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሊመስል ይችላልና፣ ከስሜት ይልቅ የፍጥነት መለኪያውን ማመን ይሻላል።

ሁለተኛው ረጅም መብራት ማብራት ነው። በጨለማ የሚጠቅም ነገር በጉምም ይጠቅማል ብሎ ማሰብ አያስወቅስም፤ ነገር ግን ጥቃቅኑ የውኃ ጠብታ ብርሃኑን መልሶ ወደ ሾፌሩ ዓይን ስለሚረጨው ከፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። አጭር መብራት፣ ካለም ዝቅ ብሎ የተገጠመው የጉም መብራት መሬቱን ያሳያል። ቀን ነው ብሎ ያለ መብራት መሄድም ያው ጥፋት ነው፤ መብራት ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ይበራልና።

የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት እንደ መሪ ይዞ መከተል ደግሞ ብዙ ልምድ ያላቸውን ሳይቀር ያታልላል። እኔም አንድ ሐምሌ ከአንድ አይሱዙ ጀርባ ተጠግቼ፣ ከሁለቱ ቀይ መብራቶች በቀር ምንም ሳላይ ስወርድ የነቃሁት ጠጠር ከጎማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ነው። ሰውየው ጭነቱን ሊያይ ወደ ዳር ሲወጣ፣ እኔም አስፋልቱን ትቼ ተከትዬው ነበር። ዓይን መያዝ ያለበት የአስፋልቱን ጠርዝ ወይም ነጩን መስመር ነው።

እየሄዱ አራቱንም ፍሬቻ ማብራት ከኋላ ለሚመጣው መኪናው የቆመ ወይም የሚጓዝ መሆኑን ያደናግረዋል፤ በብዙ መኪኖችም የመታጠፊያውን ምልክት ይሸፍናል። አራቱ ፍሬቻ የሚያስፈልገው ሲቆሙ ነው፤ ሲቆሙም ከአስፋልቱ ፈጽሞ ወጥቶ መሆን አለበት። መኪና ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይ ደርድሮ፣ ከተጠገነ በኋላ ድንጋዩን እዚያው ትቶ የመሄድ ልማዳችን በጉም ቀን የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ተሠራው የጣርማ በር ዋሻ ሲገቡ መብራት ማብራት ያለበት አፉ ላይ ሳይደርሱ ነው፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋልና። ከዋሻው በኋላ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ በፍሬን ብቻ ለመውረድ መሞከር፣ ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነፃ ማድረግ፣ ፍሬኑን አግሎ ኃይሉን ያሳጣዋል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቀይሮ ነው።

የፊት መስታወት ከውስጥ ላብ ሲይዝ በእጅ መጥረግ ቅባት ብቻ ይተዋል፤ ሞቅ ያለ አየር ከኤሲው ጋር ወደ መስታወቱ መልቀቅ፣ ኤሲ ከሌለም መስኮት ገርበብ ማድረግ ይበቃል።

ከጉሙ ወጥተው ቆላው ላይ ሲደርሱም፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋ የዘነበው ዝናብ ድንገተኛ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። መንገድ ላይ የወጣን ጎርፍ ጥልቀቱን ሳያውቁ መሻገር ስህተት ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ብዙውን መኪና ሊወስድ ይችላል። ጥልቀት የሌለውን ውኃ ከተሻገሩ በኋላም ፍሬኑ ረጥቦ ስለሚሰንፍ፣ ቀስ ብሎ እየሄዱ ደጋግሞ በስሱ በመርገጥ ማድረቅ ያስፈልጋል።