የወዶ ዘማች ዘመድዎን የውትድርና ታሪክ እንዴት መዝግበው ሊያስቀምጡ ይችላሉ?

ከአስኮ በአሸዋ ሜዳ በኩል ወደ ቡራዩ በሚወስደው የአምቦ መንገድ ዳር የምንኖር ሰዎች ታጠቅ የሚለውን ስም የለመድነው ከታክሲ ረዳት አፍ ነው። በ1969 ዓ.ም. ግን ታጠቅ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰባሰቡ ገበሬዎች በሚሊሺያነት የሠለጠኑበት ጦር ሰፈር ነበር። ከመንዝ ወዶ የዘመተው አጎቴም እዚያው ሠልጥኖ፣ በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ኋላም ወደ ሰሜኑ የእርስ በርስ ጦርነት ተልኳል። የእሱን ታሪክ በአንድ ደብተር ለማስፈር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አብዛኛው ጊዜ ያለፈው ግን በእኔ ስሕተት ስለ ሆነ፣ የተሳሳትሁባቸውንም ጨምሬ እጽፋለሁ።

ጥያቄ ከመጀመርዎ በፊት የዘመኑን ዋና ዋና ቀኖች በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ጅጅጋ ነጻ የወጣችበት የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970፣ ከረን በመንግሥት ጦር የተያዘችበት ኅዳር 1971፣ መንግሥት በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ 1974፣ አፋቤት በሻዕቢያ እጅ የወደቀችበት መጋቢት 1980፣ ሽሬ የወደቀችበትና መንግሥት ትግራይን ለቆ የወጣበት የካቲት 1981፣ በመጨረሻም ደርግ የወደቀበት ግንቦት 20 ቀን 1983 ሊቀሩ አይገባም። ካራማራ ከሶማሊያ ጋር የተደረገ ጦርነት እንጂ የእርስ በርስ ጦርነት አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ወታደር ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰሜን ስለ ተዛወረ ሁለቱ ጦርነቶች በትዝታው ውስጥ ይቀላቀላሉ። ገጹን ከራስዎ ጋር ያቆዩት እንጂ ለባለታሪኩ አያንብቡለት። እኔ የአፋቤትን ዓመት ቡና ላይ፣ በጎረቤት ፊት አርሜው፣ ጋሼ (አጎቴን የምጠራው እንዲህ ነው) ለሁለት ሳምንት «ሥራ አለብኝ» እያለ ሸሽቶኛል። ዓመተ ምሕረቱን ከመጠየቅ ይልቅ «ከካራማራ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ክረምት ገብቶ ነበር? ሁዳዴ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ቀኑን ራስዎ ሊደርሱበት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ጥያቄ እንዴት እንደ ዘመተ የሚመለከተው ነው። ወዶ ዘማች የሚለው ቃል ሲነገር ቀላል ቢመስልም በውስጡ ብዙ ዓይነት ሰው አለ። በ1969 ገበሬ ማኅበራት ሰው እንዲያቀርቡ ይታዘዙ ስለ ነበር፣ በፈቃዱ እጁን ያወጣውና ስብሰባ ላይ ስሙ የተጠራው በአንድ መዝገብ ሰፍረዋል። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ የዘመተው በአብዛኛው ግዴታ ያለበት ወጣት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ከመንገድና ከገበያ የታፈሰ ብዙ ነበር። ስለዚህ ወዶ፣ ተመልምሎ፣ ወይስ ታፍሶ እንደ ሄደ ለይተው ይጻፉ፤ ባለታሪኩ የተጠቀመበትን ቃልም አይለውጡበት። ጋሼ ይህን ስጠይቀው ሲኒውን አስቀምጦ፣ «ወድጄ ነው የሄድሁት። እኔ ባልሄድ ግን አባትህ ይሄድ ነበር» አለኝ። እኔ ይህንን «በፈቃደኝነት ዘመተ» ብዬ አሳጥሬው ነበር፤ በኋላ ሰርዤ እንዳለው አድርጌ ጻፍሁት።

ስለ ውጊያ በቀጥታ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም፤ ስንት ሰው እንደ ገደለ መጠየቅ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ስለ ጫማ፣ ስለ ኮቾሮ (ደረቁ የወታደር ብስኩት)፣ በኮዳ ውስጥ ስለ ነበረው ውኃ፣ በኦራል የጭነት መኪና ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ ይጠይቁ። እግሩ 40 ቁጥር ሆኖ ሳለ 43 ቁጥር ጫማ እንደ ተሰጠውና ሣር እየጎሰጎሰበት እንደ ተጓዘ ሲነግረኝ፣ ሳልጠይቀው ከጫማው ተነሥቶ ወደ ምሽጉ፣ ከምሽጉም አጠገቡ ወደ ወደቀው ልጅ ደረሰ። ጋሼ አቦልና ቶና ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራና በረካ ላይ ነው ወደ ቁም ነገሩ የሚገባው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

ድምፅ የሚቀርጹ ከሆነ ስልኩን ከረከቦቱ ያርቁት፤ የእኔ የመጀመሪያ ቅጂ ከሲኒ ኳኳታ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረውም። ቤታችሁ እንደ እኛ ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን ይተዉት።

የጦር ክፍሎችን ስም ሲመዘግቡ ይጠንቀቁ። ሻምበልና ሻለቃ የማዕረግም የጦር ክፍልም ስሞች ስለ ሆኑ፣ «ሻምበሉ ተመታ» ሲልዎ የተመታው አዛዡ ይሁን መላው ክፍል ወዲያውኑ ያረጋግጡ። ብርጌዱን፣ ክፍለ ጦሩንና ዕዙን በየተራ ይጠይቁ። ስለ ወረቀት ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎች ያለ ምንም የስንብት ደብዳቤ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። በተረፈ የአሮጌ ፎቶግራፎችን ጀርባ ይመልከቱ። የጋሼ ሦስት ደብዳቤዎችና አንድ የአስመራ ፎቶግራፍ የተገኙት ምስማር ከሚቀመጥበት የኒዶ ጣሳ ሥር ነው።

የሞቱ ጓደኞቹን ስም ግን ለብቻው በሌላ ደብተር ይያዙ፤ መርዶው እስከ ዛሬ ያልደረሰው ቤተሰብ ሊኖር ስለሚችል፣ ማንም ሰው የወንድሙን ሞት ከፌስቡክ ሊሰማ አይገባም። ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በእኛ ዕድር ውስጥ ሽሬ ላይ በተቃራኒው ወገን የተዋጋ ሰው አለ፤ ድንኳን ሲተከል እሱና ጋሼ አንዱን ካስማ ይዘው ይቆማሉ፤ ስለ ሽሬ ግን ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ደብተሩ በሰፈር እጅ ለእጅ ሲዞር ይህን የመሰለ ዝምታ እንዳይሰብር፣ ማን ሊያነበው እንደሚችል አስቀድመው ባለታሪኩን ያስወስኑ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው ያንብቡለት፤ ሲያቋርጥዎ ቆመው ያርሙ፤ ይሰረዝ ያለውንም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ይሰርዙ። ጋሼ አንድ ሙሉ ገጽ አሰርዞኛል፤ ጫማውም 43 ሳይሆን 44 እንደ ነበር አስተካክሎኛል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለእሱ፣ ሌላውን ለበኩር ልጁ ይስጡ፤ ሦስተኛውን እርስዎ ጋር ያስቀምጡት።