በፓስቴል የሣላችሁት በረዶ ኖራ ሲመስል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በየቀኑ አንድ ትንሽ የበረዶ ሥዕል በፓስቴል፣ ማለትም ጠመኔ በሚመስል ደረቅ የቀለም ፍሬ፣ ለሚሠሩ ነው። ወረቀት ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ ንድፍ ማውጣት፣ ጠንካራውን ፓስቴል ከለስላሳው መለየት ታውቃላችሁ ብዬ ስለያዝኩ አልነካቸውም። በሐሳቤ ያለው 13 በ18 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከ40 ደቂቃ የማያልፍ ሥዕል ነው። ትልቅ ወረቀት የዘረጋ ሰው ሥራ በበዛበት ቀን ይዘለዋል፤ አንድ ቀን የዘለለ ደግሞ ሳምንቱን ይዘልላል። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነውና ብርሃኑንም ብርዱንም የምናገረው ከዚያ ተነሥቼ ነው። ቶሮንቶ፣ ዴንቨር ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ከየከተማችሁ ጋር አስማሙት።

በረዶው ነጭ ነው፣ ብርሃን ግን የለውም

ደጋግሜ የማስተካክለው ይህንን ነው። በእጅ ይዘው ሲያዩት በረዶው ነጭ ነው፤ ግድግዳ አስደግፈው አራት እርምጃ ሲርቁ ግን ኖራ የተቀባ ግንብ ይሆናል። ፀሐይ ያረፈበትና ያላረፈበት አይለይም። ጉብታው ጠፍቷል፣ መንገዱ ጠፍቷል፣ ዛፎቹ ሥር የላቸውም።

መንስኤው ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ነጩ ፓስቴል ቀድሞ ወጥቷል። በረዶ ነጭ ነው ብለን ስለምናውቅ እጃችን መጀመሪያ ወደ ነጩ ይሄዳል። በሣጥናችሁ ውስጥ ግን ከነጭ በላይ የሚደምቅ ምንም የለም። መሬቱን በሙሉ ነጭ ካነጠፋችሁት በኋላ ፀሐይ የመታውን ጠርዝ በምን ልታሳዩት ነው? ጉዳቱም በዚህ አይቆምም። የነጩ ብናኝ የወረቀቱን ሻካራነት ሞልቶ ስለሚደፍነው ቀጥሎ የሚመጣው ቀለም የሚይዘው አያገኝም። ሰማዩን ስትሠሩ ነጭ ይገባበታል፣ ግንዱን ስታጠቁሩ ነጭ ይገባበትና አመድማ ይሆናል። ያኔ ሰው ይደነግጥና በጣቱ ያሻሸዋል። ካሻሸው በኋላ የሚድን ነገር የለም።

አንድ ወንድም ሌክ ሃሪየት ሲቀዘቅዝ ያለውን መልክ እየደጋገመ ሠርቶ ያመጣልኝ ነበር። ጥሩ እጅ አለው፣ ንድፉ እንከን የለውም፣ ሐይቁ ግን ሁልጊዜ የሞተ ነው። ስለ ቀለም ብዙ ተነጋገርን፣ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ ነጩን ከሣጥኑ አውጥቼ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና «ይህን ሳትነካ ጨርስ» አልኩት። ለበረዶው የቀረው ቀለም ክሬም፣ ፈዛዛ ሮዝ፣ ፈዛዛ ሰማያዊና ግራጫ ሐምራዊ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን በረዶው አበራ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ነጭ የተጠቀመ ነበር የመሰላቸው።

የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ አንዲት እህት ደግሞ ጥፋቱን ከፓስቴሉ ቆጥራ ውድ የሆነ ሌላ ነጭ ገዛች፣ ከዚያም ሌላ። ለስላሳ ነጭ ከጠንካራ ነጭ ይበልጥ መድመቁ እውነት ነው። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ከሆነ ግን የትኛውም ነጭ አያበራም። ብርሃኑ የሚመጣው ጎኑ ካለው ጥቁረት ነው። ገንዘቧን በጥላው ቀለሞች ላይ ብታውለው ኖሮ ችግሩ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ነው፣ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

መካከለኛ ድምቀት ያለው ወረቀት ውሰዱ፤ ግራጫ፣ ሐምራዊ ያዘለ ወይም ቡናማ። በነጭ ወረቀት በረዶ መሣል ይቻላል፣ ለዕለት ልምምድ ግን አልመክርም፤ ዓይን መመዘኛ ያጣል። ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ከሁሉ የጠቆረውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥድ ወይም ገና ያልቀዘቀዘ ውሃ ነው። እሱን መጀመሪያ አስቀምጡ። ከዚያ በበረዶው ላይ የወደቀውን ጥላ ሥሩ፤ ገና ከምትገምቱት በላይ ጠቆር አድርጋችሁ። ለማረጋገጥ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከፕላስተሩ አጠገብ አንዲት የነጭ ነጥብ አድርጉ። ጥላችሁ ከዚያች ነጥብ አጠገብ በግልጽ ካልጠቆረ ገና ነው።

ፀሐይ ያረፈበትን በክሬም፣ በፈዛዛ ቢጫ ወይም ገረጣ ባለ ብርቱካናማ ሙሉት። ፊቱን ወደ ሰማይ የሰጠ፣ ፀሐይ በቀጥታ ያልመታው ሜዳ ፈዛዛ ሰማያዊ ይወስዳል። ነጩ የሚወጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት ወይም አራት ቦታ ብቻ፣ በጣም ለስላሳ በሆነው ፍሬ፣ አንዴ ጫን ብሎ ማንሣት። ማሻሸት የለም። ነጩን ስታሳርፉ ከዙሪያው ተለይቶ ካልታየ መሬቱን አስቀድማችሁ አድምቃችሁታል ማለት ነው። በላዩ አትጨምሩ፤ ያንን ቦታ በጠንካራ ብሩሽ ጠርጋችሁ በጠቆረ ቀለም መልሱት።

ጥላው ለምን ሰማያዊ እንደሚሆን የገባው ሰው ቀለም ሲመርጥ አይሳሳትም። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ በላይ መልሶ ይረጫል፣ ይህን ቀለም ልመልስ ያንን ላስቀር ብሎም አይመርጥም። ፀሐይ ያልደረሰበት ቦታ የሚያገኘው ብርሃን ከሰማዩ ብቻ የመጣውን ነው፤ ሰማዩ ሰማያዊ ከሆነ በረዶው ያንኑ ይመልሳል። ስለዚህ በደመናማ ቀን ደማቅ ሰማያዊ ጥላ የሚሥል ሰው ያላየውን እየሣለ ነው። ደመና ሲሆን ጥላው ራሱ ይጠፋል፣ የሚቀረው ጥቂት የግራጫ ልዩነት ነው፤ እሱን ለይቶ ማውጣት ከፀሐዩ ቀን ይከብዳል።

ሞኔ በ1868 እና በ1869 መካከል ባለው የበረዶ ወራት የሠራውን፣ «ማግፓይ» በሚለው ስም የሚታወቀውን፣ አጥር ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ወፍ ያረፈችበትን ሥዕል ፈልጋችሁ እዩ። ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ነው ያለው። የዘይት ቀለም ነው፣ ለእኛ ግን ትምህርቱ ያው ነው። ከአጥሩ ሥር ያለው ጥላ ሰማያዊና ሐምራዊ ነው፣ ፀሐይ ያረፈበት በረዶ ክሬም ነው። በ1869 «ሳሎን» የሚባለው የፓሪስ ትልቅ የሥዕል ትርኢት አልቀበልም ብሎ መለሰው። ከሥዕሉ ጎን አንድ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ በረዶው ምን ያህል ነጭ እንዳልሆነ ተመልከቱ።

ስለ ርካሽ ሣጥኖችም መናገር አለብኝ። ለተማሪ ተብለው የሚሸጡት 24 ፍሬ የያዙ ሣጥኖች አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ የቀረው በአብዛኛው እንደ ቀይና አረንጓዴ ያለ ደማቅ ቀለም ነው። ለበረዶ የሚያስፈልጉት ፈዛዛ ቀለሞች ብዙ ጊዜ የሉበትም። ሰው ያለው አማራጭ ነጭ ብቻ ስለሚሆን ወደ ስሕተቱ የሚገፋው ሣጥኑ ራሱ ነው። ነጩም ቢሆን አብዛኛው ጠመኔ ነው። ጥቁር ወረቀት ላይ አንዴ አሥምሩና በጣት ጫን በሉት፤ ጥቁሩ ከሥር አሳልፎ ከታየ ለበረዶ አይሆንም። ሣጥን ከመግዛት ስድስት ጥሩ ፈዛዛ ፍሬዎች በነጠላ ግዙ።

ፊክሳቲቭ ከተረጨ በኋላ በረዶው ጠፋ

ፊክሳቲቭ የፓስቴሉ ብናኝ እንዳይረግፍ ከጣሳ የሚረጭ ሙጫ ነው። ይህ ችግር ከላይኛው ቀጥሎ የሚመጣ ነው፣ ደግሞም የሚያሳዝን ነው፤ ያለቀና ያማረ ሥዕል በአምስት ሰከንድ ውስጥ ይበላሻል። ምክንያቱ የብርሃን ሥራ ነው። ጠመኔ ነጭ የሚመስለው በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስላለ ነው። የጠመኔ ብርሃን የማጠፍ መጠን 1.6 ገደማ፣ የፊክሳቲቩ ሙጫ 1.5 ገደማ ነው። አየሩን ሙጫ ሲተካው ልዩነቱ ስለሚጠፋ ጠመኔው ብርሃን አሳላፊ ይሆንና ከሥሩ ያለው ወረቀት ብቅ ይላል። ቲታኒየም ነጭ ከ2.5 በላይ ስለሆነ ይቋቋማል፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ይደበዝዛል።

መፍትሄው የመጨረሻው የቀለም ንብርብር ላይ አለመርጨት ነው። መርጨት ካለባችሁ ጥላውና ጥቁሩ ካለቀ በኋላ፣ ብርሃኑ ሳይገባ፣ ስስ አድርጋችሁ ርጩ፤ ሲደርቅ ብርሃኑን በላዩ ሥሩ። ለሽታው ብላችሁ ደጅ ስትወጡ ጣሳውን ብርድ ላይ አታቆዩት፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጭጋግ መሆኑ ቀርቶ ጠብታ ይተፋል። የፀጉር ስፕሬይ አትጠቀሙ። ደግሜ እላለሁ፣ የፀጉር ስፕሬይ አትጠቀሙ፤ እያደር ቢጫ ይሆናል፣ በበረዶ ሥዕል ላይ ደግሞ ቢጫው የትም አይደበቅም።

ሥዕሉ የብርድ አገር አይመስልም

ቀለሙ ልክ ነው፣ ንድፉ ልክ ነው፣ ቀኑ ግን ሞቃት ይመስላል። ይህን አብዝቼ የማየው አዲስ አበባና አካባቢዋ ባደጉ ሰዎች ሥዕል ላይ ነው። ጥላውን አጭር ያደርጉታል። ልጅነታችንን ያሳለፍነው ፀሐይ ከአናት በምትቆምበት አገር ነውና እጃችን የለመደው ያንን ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ ፀሐይ ወደ 57 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ 10 ሜትር ዛፍ 6 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። በዚያው ቀን ሚኒያፖሊስ ከ22 ዲግሪ አትበልጥም፤ ያው ዛፍ 25 ሜትር ጥላ ይጥላል፣ እሱም በእኩለ ቀን ነው። ጥላውን አስረዝሙት፣ የመሬቱንም ቅርጽ እንዲከተል አድርጉት፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይውረድ፣ ጉብታ ሲያገኝ ይውጣ። በረዶው ላይ የመሬቱን ቅርጽ የሚናገር ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ የለም።

ማታ ያማረው ጠዋት ሰማያዊ ሆነ

መብራቱ ነው። በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ በእኛ ሰዓት 10 ተኩል ላይ ስለምትጠልቅ ከሥራ የተመለሰ ሰው የሚሠራው በአምፖል ነው። 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሆነው ቢጫ አምፖል ሥር ክሬሙና ነጩ አይለዩም፣ ሰማያዊው ደግሞ ግራጫ ስለሚመስል እላዩ ትጨምራላችሁ። 5000 ኬልቪን የተጻፈበት አምፖል ግዙና ወረቀቱም ፓስቴሉም ላይ እንዲያርፍ አድርጉት።

ከስልክ ፎቶ ስሠራ በረዶው ግራጫ ይሆናል

ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለተሠራ በረዶውን ያጠቁረዋል፤ እናንተ ደግሞ እሱን አምናችሁ ትቀዳላችሁ። ስታነሡ በረዶውን በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መስኮት አጠገብ ቆሞ በዓይን ማየት ነው። በየቀኑ የሚሠራ ሰው ከመስኮቱ የሚታየው ያው መንገድ ይበቃዋል፤ ብርሃኑ በየቀኑ ሌላ ነው።

ወረቀቱ ቀለም አልቀበል አለ

ሻካራነቱ ሞልቷል። ሰሌዳውን አቁማችሁ በጠንካራ ብሩሽ ወደ ታች ጥረጉ። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ ብናኙ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ ቀለም ካድሚየም አለበት። በተለይ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ እፍ አትበሉ፣ ወለሉንም በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ። ካንሰን ሚ-ታንት የሚባለውን የፓስቴል ወረቀት የምትጠቀሙ ከሆነ የማር እንጀራ ቅርጽ ያለውን ፊት ትታችሁ ለስላሳውን አዙሩ፤ የቀዳዳው ቅርጽ በበረዶ ሜዳ ላይ ጎልቶ ያስቸግራል።

ፈዛዛ ቀለሞቼ ሁሉ ቆሸሹ

ከጥቁሮቹ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ እየተንከባለሉ ነው። ደረቅ ሩዝ ያለበት ዕቃ ውስጥ ከታችሁ በቀስታ ነቅንቋቸው፣ ይጠራሉ። ሩዙን ለምግብ አትመልሱት። ከዚያ ፈዛዞቹን ለብቻቸው አስቀምጡ፤ ይህን አሥር ጊዜ ተነግሮት የማያደርግ ሰው ሥዕሉ ሁልጊዜ አመድማ ይሆናል።

ደጅ ሠርቼ ስገባ ሥዕሉ ነጠብጣብ አወጣ

የወደቀ በረዶ ቀልጦ ወይም ሙቅ ክፍል ውስጥ የገባው ቀዝቃዛ ወረቀት ላይ እርጥበት ተጠራቅሞ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሰሌዳውን ፊቱ ሳይነካ ፕላስቲክ ውስጥ ከታችሁ እሠሩት፣ ቤት ውስጥ ሙቀቱ እስኪስተካከል አትፍቱት። የፓስቴሉን ሣጥንም እንዲሁ።

ፓስቴሉ ቀለም ሳይሰጥ ወረቀቱን ከቧጨረ ላዩ ጠንክሯል፤ ብርጭቆ ወረቀት ላይ አንዴ ፈተግ አድርጉት። ወረቀቱ ከተቆለመመ ከኋላው በጥቂቱ አርጥባችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ በተሠራ ፓስቴል ላይ አትሞክሩት።

የየቀኑን ሥራ ስትደራርቡ በመካከሉ ግላሲን የሚባለውን ስስና ልሙጥ ወረቀት አድርጉ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ እንጂ አታንሸራትቱት። ወደ ፍሬም የሚገባውን በመስታወት አስገቡ፣ መስታወቱ ከሥዕሉ እንዳይነካካ በመካከላቸው ክፍተት ተዉ። ፕሌክሲግላስ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ይቀላል ብለው ቢመክሯችሁ እንቢ በሉ፤ ሲወለወል በሚይዘው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ብናኙን ከወረቀቱ ይስባል፣ መጀመሪያ የሚነሣውም መጨረሻ ላይ ያሳረፋችሁት ነጭ ነው።