ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሲሞቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሞተር ምን ያህል ነዳጅ አቃጥሎ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚወስነው የሚስበው አየር ክብደት ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሲደርስ ክብደቱ ወደ 1.06 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ሲሊንደሩ ያው ሲሊንደር ሆኖ ሳለ በእያንዳንዱ ምት የሚያገኘው ኦክስጅን 12 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ትኩስ አየር የነዳጁን ድብልቅ በራሱ እንዲነድ ስለሚገፋፋው፣ የቤንዚን ሞተር ኮምፒውተር አደጋውን ለመከላከል ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ ያዘገያል፤ በዚህም ጉልበቱ ዳግመኛ ይቀንሳል።

ጠዋት ደህና፣ ቀን ደካማ

ጠዋት በደንብ የሚሄድ መኪና በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ጥቂት ከቆየ በኋላ ዳገት ከከበደው፣ ነዳጅ ሲረገጥም የሚንቃጨል የብረት ድምፅ ካሰማ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሞተሩ አየሩን ከየት እየሳበ እንደሆነ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮፈኑን ክፈቱና የአየር ቱቦውን ከፊልትሮው ቤት ጀምራችሁ እስከ አፉ ድረስ በእጃችሁ ተከተሉት። አፉ በአብዛኛው ከፊት መብራቱ ኋላ ወይም ከራዲያተሩ በላይ ሆኖ የውጭውን አየር ይስባል። ይሁን እንጂ ቱቦው በጥገና ጊዜ ተነቅሎ ሳይመለስ መቅረቱ፣ መሰንጠቁ ወይም የፊልትሮው ክዳን በአግባቡ አለመዘጋቱ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ያጋለውን አየር መልሶ ይስባል። ቱቦውን ወደ ቦታው መመለስ፣ የተሰነጠቀውን መለወጥና ማሰሪያውን ማጥበቅ ችግሩን ይፈታዋል። የፊልትሮው ቤት ወጥቶ ክፍት ፊልትሮ ከተገጠመም፣ የሞተሩ ድምፅ ስለጎላ ብቻ ጉልበት የተጨመረ ሊመስል ይችላል፤ ፊልትሮው ከሞተሩ ሙቀት ካልተከለለ ግን የቀድሞውን ቤት መመለስ እጅግ ይሻላል።

ረጅም መንገድ ተነድቶ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ መኪና ሲነሳ ቢደክምና ትንሽ ከሄደ በኋላ ቢስተካከል፣ ይህ በኮፈኑ ሥር የተጠራቀመ ሙቀት ስለሆነ ምንም መለወጥ አያስፈልግም።

ነዳጅ መብላት፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ የሞተር መብራት

እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ የሚገባውን አየር ሙቀት ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር ይጠረጠራል። ሴንሰሩ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ መሣሪያ ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሺህ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 300 ኦም ገደማ ያሳያል። አየሩን ከእውነቱ ይበልጥ ቀዝቃዛ አድርጎ ከነገረው፣ ኮምፒውተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ነዳጅ ሊረጭ ይችላል፤ ትኩስ አድርጎ ከነገረው ደግሞ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩም በብርድ ለመነሳት ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚታመነው ምርመራ፣ ስካነር ካለ፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን መኪና ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው በስካነር የአየሩንና የራዲያተሩን ውኃ ሙቀት አንብቡ፤ ሁለቱም ከውጭው ሙቀት ጋር ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የአየሩ ንባብ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ተቋርጧል፤ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ኮድም አብዛኛውን ጊዜ ፒ0113 ነው። ንባቡ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ፒ0112 ከተመዘገበ ሽቦው ከሌላ ሽቦ ወይም ከመኪናው አካል ጋር ተነካክቷል፣ አለዚያም ሴንሰሩ ራሱ ውስጡ ተበላሽቷል። በዚህ ጊዜ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉት፤ ንባቡ ወዲያውኑ ወደ ታች ከወረደ ሽቦው ደህና ነው፣ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ግን ችግሩ ሽቦው ላይ ስለሆነ አዲስ ሴንሰር መግዛት ብክነት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ሴንሰር ከአየር መጠን መለኪያው ጋር አንድ አካል ስለሆነ፣ ያለ ምርመራ መለወጥ ኪስን ይጎዳል።

ጉልበት ይጨምራል ተብሎ በሴንሰሩ ምትክ የሚገጠመውን ሬዚስተር አጥብቄ እቃወማለሁ። አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ኮምፒውተሩን አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያታልለዋል። ኮምፒውተሩም ጥበቃውን ስለሚያላላ፣ ሞተሩ ፒስተን እስከመጉዳት ለሚደርስ ፍንዳታ ይጋለጣል።

ቱርቦ ያለው ሞተር

ቱርቦ አየሩን ሲያምቅ ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ይህን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር በጭቃና በነፍሳት ሲደፈን ድካሙ በረጅም ዳገት ላይ ይገለጣል። ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ በውኃ እጠቡት፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል። ውስጡ ዘይት ከተጠራቀመ የዘይቱን ምንጭ ፈልጉ፣ የቱቦዎቹንም መጋጠሚያ ፈትሹ።

በካርቡሬተር የሚሠሩ የቆዩ መኪኖች ላይ ደግሞ በብርድ ጊዜ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ትኩስ አየር የምታስገባው መዝጊያ ተጣብቃ ትቀር ይሆናል፤ ሞተሩ ሲሞቅ መዞሯን ተመልከቱ።

ከጥገናው በኋላ ኮዱን አጥፍታችሁ መኪናውን በተመጣጣኝ ፍጥነት ንዱ። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ንባቡ ከውጭው ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ጉልበቱ ካልተመለሰ፣ ምርመራውን ወደ ነዳጅ ፊልትሮው፣ ወደ ካንዴላዎቹና ወደ ጭስ ማውጫው አዙሩት።