ስልካችሁን ሰርቨር አድርጉት፦ ድረ ገጽን ያለ ዳታ መሞከር

ደሴ ውስጥ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ትንንሽ ድረ ገጾች እሠራለሁ። የጨርቅ ዋጋ ዝርዝር፣ የምግብ ሜኑ፣ አንዳንዴም የትዕዛዝ ቅጽ። የሠራሁትን የሚያዩት ሰዎች አብዛኞቹ ኮምፒውተር ከፍተው አያዩትም። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሳምሰንግ፣ የሚያዩት በዚያ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምሞክረው ስልክ ላይ ነው። ላፕቶፕ ላይ አምሮ ስልክ ላይ የሚበታተን ገጽ ለእኔ ደንበኞች ምንም አይጠቅማቸውም።

ጀማሪዎች ለመሞከር ብለው ነፃ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት አገልግሎት) ላይ ይጭናሉ። አንድ ቀለም በቀየሩ ቁጥር እንደገና መጫን፣ እንደገና ዳታ ማቃጠል። ምን አደከማችሁ? አንድሮይድ ስልክ ራሱ ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን ለጠየቀው ብሮውዘር የሚልክ፣ መሆን ይችላል። ሩት ማድረግም (የስልኩን ሲስተም ሙሉ ፈቃድ መክፈትም) አይጠይቅም። ሌላ ስልክ በሆትስፖት ታገናኙና ገጹን እዚያ ላይ ታዩታላችሁ። መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ አብሮት ቢሄድ እንኳ ሥራው አይቆምም።

"ፋይሉን በቀጥታ ብሮውዘር ላይ ብከፍተውስ?" የሚል አይጠፋም። ተራ ገጽ ከሆነ ይበቃል። የገጹ ኮድ (ጃቫስክሪፕቱ) ዋጋውን ከሌላ ፋይል የሚያነብ ከሆነ ግን ክሮም ይከለክለዋል። ያው ፋይል በሰርቨር በኩል ሲመጣ ይፈቅዳል። የእኔ ገጾች ዋጋውን ለብቻው በተቀመጠ ፋይል ነው የሚይዙት፤ ባለሱቁ ዋጋ ሲጨምር የምነካው እሱን ብቻ ነው።

ተርመክስን መጫን

የሚያስፈልገን አፕ ተርመክስ ነው። አንድሮይድ ላይ የሊኑክስ ተርሚናል (ትዕዛዝ እየጻፉ የሚሠሩበት መስኮት) የሚሰጥ ነፃ አፕ ነው። ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የነፃ አፖች መደብር፣ ወይም ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማከማቻ ላይ ካለው የራሱ ገጽ አውርዱት። በቴሌግራም የተላከላችሁን ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) አትጫኑ። ምንጭም አትቀላቅሉ፤ ዋናውን ከአንዱ፣ ተጨማሪዎቹን ከሌላው ካወረዳችሁ ፊርማቸው ስለሚለያይ አብረው አይሠሩም።

ትዕዛዞቹን ለተማሪ በስልክ ሳነብ እንደማደርገው ነው የምጽፋቸው። እናንተ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩና ሁሉንም በትንሹ ፊደል ጻፉ። ክፍተት ስል ክፍተት ተዉ፣ ሰረዝ ስል የመቀነስ ምልክቷን ጻፉ። በየትዕዛዙ መጨረሻ ኢንተር።

መጀመሪያ፦ ፒኬጂ፣ ክፍተት፣ አፕዴት። ቀጥሎ፦ ፒኬጂ፣ ክፍተት፣ አፕግሬድ። መሃል ላይ እየቆመ ይጠይቃችኋል፤ ኢንተር ብላችሁ እለፉ። በመጨረሻ፦ ፒኬጂ፣ ክፍተት፣ ኢንስቶል፣ ክፍተት፣ ፓይተን። ፓይተን ሰርቨሩን የሚያስነሳልን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ዳታ የሚበላው ይሄ ክፍል ብቻ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ተቀምጣችሁ ጨርሱት። ሌላ ነገር ካልጨመራችሁ በቀር ከዚህ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ፎልደሩን ማስገባት

ተርመክስ ዳውንሎድ ውስጥ ያለውን ፋይል እንዲያይ ፈቃድ ይፈልጋል። ተርመክስ፣ ሰረዝ፣ ሴትአፕ፣ ሰረዝ፣ ስቶሬጅ ብላችሁ ጻፉ፤ መሃሉ ላይ ክፍተት የለም። ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል፣ ፍቀዱ። ስቶሬጅ የሚባል ፎልደር ይፈጠራል፤ በውስጡ ዳውንሎድስ የሚል አለ።

አሁን ሥራችሁን ገልብጡ። የእኔ ፎልደር ሱቅ ይባላል እንበል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ዩ፣ ኬ። ትዕዛዙ፦ ሲፒ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ አር፣ ክፍተት፣ ከዚያ ስቶሬጅ፣ ስላሽ፣ ዳውንሎድስ፣ ስላሽ፣ ሱቅ፣ ክፍተት፣ አንዲት ነጥብ። ነጥቧን እንዳትረሷት፤ "እዚሁ አምጣው" የምትለው እሷ ናት። ወደ ፎልደሩ ለመግባት፦ ሲዲ፣ ክፍተት፣ ሱቅ።

መገልበጡ ትርፍ ሥራ ይመስላል። አይደለም። የስልኩ የጋራ ማከማቻ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። የምስሉ ስም በትልቅ ፊደል ተጽፎ፣ ኮዳችሁ በትንሽ ፊደል ቢጠራው እዚያ ይከፈታል። ዊንዶውስ ላይም ይከፈታል። እውነተኛው የሊኑክስ ሆስቲንግ ላይ ሲደርስ ግን ምስሉ የለም ይላችኋል። የተርመክስ የራሱ ፎልደር እንደ ሆስቲንጉ ይለያል፣ ስለዚህ ጉዱ ቤታችሁ እያላችሁ ይወጣል። ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬድ ፕሮግራም) የምትጠቀሙም ብትሆኑ የጋራው ማከማቻ አቋራጭ ሊንክ መፍጠር ስለማይፈቅድ የኖድን ተጨማሪዎች የሚጭነው ኤንፒኤም ኢንስቶል እዚያ ላይ ይሰናከላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰርቨሩን ከጋራው ማከማቻ ላይ ብታስነሱት ኢንዴክስ (የመጀመሪያ ገጽ) ፋይል ስለሌለ ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል። የቤተሰብ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ሁሉንም። በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማየት ይችላል፣ የይለፍ ቃልም የለውም።

ማስነሳት

ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ፦ ፓይተን፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤም፣ ክፍተት፣ ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር፣ ክፍተት፣ 8080። ሰርቪንግ ብሎ የሚጀምር መስመር ካወጣ ተነስቷል ማለት ነው። ክሮም ክፈቱና አድራሻው ላይ ኤችቲቲፒ፣ ኮለን፣ ሁለት ስላሽ፣ ሎካልሆስት፣ ኮለን፣ 8080 ብላችሁ ጻፉ። ሎካልሆስት ማለት "ይሄው ስልክ ራሱ" ማለት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ፋይል ኢንዴክስ ነጥብ ኤችቲኤምኤል ከተባለ በራሱ ይከፈታል።

8080 የፖርት፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚጠራበት በር፣ ቁጥር ነው። መደበኛው 80 ነበር፣ ግን ከ1024 በታች ያሉት ያለ ሩት አይፈቀዱም። "አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ" ካለ ቀድሞ ያስነሳችሁት ሰርቨር ገና አልቆመም። ፈልጋችሁ አቁሙት፣ ወይም 8081 በሉ።

ወደ ተርመክስ ስትመለሱ ብሮውዘሩ የጠየቀው እያንዳንዱ ፋይል በመስመር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 200 ካለ ተገኝቷል፣ 404 ካለ የለም። ፋቪኮን የሚለው 404 ቢያሳይ አትጨነቁ፣ ብሮውዘሩ ሳትነግሩት የሚጠይቀው የትር ምልክት ነው። ሌላው 404 ግን ስሙን ያሳሳታችሁት ፋይል ነው።

ፒኤችፒ የሚባለውን የሰርቨር ቋንቋ ለምትጠቀሙ፦ ፒኬጂ ኢንስቶል ፒኤችፒ ካላችሁ በኋላ፣ ፒኤችፒ፣ ክፍተት፣ ሰረዝና ትልቁ ኤስ፣ ክፍተት፣ 0.0.0.0፣ ኮለን፣ 8080። በአራቱ ዜሮዎች ፋንታ ሎካልሆስት ካላችሁ ሌላ ስልክ አያየውም።

ሁለተኛው ስልክ

ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው። ሰርቨሩ ባለበት ስልክ ሞባይል ዳታውን አጥፉና ሆትስፖት አብሩ። ሆትስፖት ያለ ዳታም ይሠራል፤ ሁለቱን ስልኮች ያገናኛል እንጂ ኢንተርኔት አይሰጥም። የምንፈልገውም ይሄንኑ ነው። ሁለተኛውን ስልክ ከዋይፋዩ ጋር አገናኙ።

ሁለተኛው ስልክ "ይህ ኔትወርክ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ ያጉረመርማል። ግንኙነቱ ይቀጥል በሉት። የእሱንም ሞባይል ዳታ አጥፉ፤ አለበለዚያ አንድሮይድ ዋይፋዩን ትቶ በዳታው በኩል ይሄድና ገጹ አልከፈት ይላል። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ሰዓት እዚህ ላይ ነው፣ ኮዱን ሲፈትሽ ይውላል፣ ኮዱ ግን ምንም አልሆነም።

አድራሻውን ለማግኘት አጭሩ መንገድ ሁለተኛው ስልክ ላይ ነው። ዋይፋይ ሴቲንግ ገብታችሁ የተገናኘውን ኔትወርክ ዝርዝር ክፈቱ። ጌትዌይ የሚለው ቁጥር የሰርቨሩ ስልክ አድራሻ ነው። የድሮ አንድሮይዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.43.1 ነው፤ አዳዲሶቹ ይቀያይሩታል። ብሮውዘር ላይ ኤችቲቲፒ፣ ኮለን፣ ሁለት ስላሽ፣ ያ ቁጥር፣ ኮለን፣ 8080። መጀመሪያ ላይ ያለው ኤችቲቲፒ ኤስ እንዳይጨመርበት።

ካልከፈተ ስህተቱን አንብቡት። "ሪፊውዝድ" ካለ ስልኩን አግኝቶታል፣ ግን በዚያ ፖርት የሚመልስ የለም፤ ሰርቨሩ ቆሟል ወይም ቁጥሩ ተሳስቷል። ብዙ ቆይቶ "ታይምድ አውት" ካለ ስልኩን ጭራሽ አላገኘውም። የካፌ ወይም የሆቴል ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ አትድከሙ። ብዙዎቹ ደንበኞቻቸው እርስ በእርስ እንዳይተያዩ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። የራሳችሁን ሆትስፖት ተጠቀሙ።

ባለሱቆች ጋ የምሄደው እንዲህ ተዘጋጅቼ ነው። የሆትስፖቱን ኪውአር ኮድ አሳያቸዋለሁ፣ በራሳቸው ስልክ ይገባሉ፣ ገጹን በራሳቸው ጣት ይነካካሉ። አንድ ጋሼ የጨርቅ ዋጋ ዝርዝሩን እያንሸራተቱ "ልጄ፣ ቁጥሯን ተለቅ አርጋት፣ መነጽሬ ቤት ነው ያለው" አሉኝ። እዚያው ፋይሉን ከፍቼ ቀየርኩት፣ እሳቸው ሪፍሬሽ አደረጉ፣ ተስማማን። ፋይሉን እዚያው ለማስተካከል ናኖ የሚባለው የተርሚናል ኤዲተር ይበቃል፤ ኮድ በቀለም ማየት የፈለገ አኮድ የሚባለውን ኤዲተር ይጫን። ቀይራችሁት አልቀየር ካለ ብሮውዘሩ የድሮውን አስቀምጦ ነው፤ በኢንኮግኒቶ ክፈቱት።

ዳታ ሲጠፋ የሚጋለጠው

ያለ ኢንተርኔት መሞከር አንድ ሌላ ነገር ያሳያል። ቡትስትራፕን (የተዘጋጀ የገጽ ማስዋቢያ) ከውጭ ሊንክ እየሳባችሁ ከነበረ ገጹ ራቁቱን ይመጣል። ከጎግል የምታመጡት የአማርኛ ፎንትም አይኖርም። ይሄ የሙከራው ችግር አይደለም። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ሰውም ገጹ ዘግይቶ ወይም ራቁቱን ሊመጣበት ይችላል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሲኤስኤሱንም (የገጹን ማስዋቢያ ፋይል) ፎንቱንም አውርዳችሁ ከፎልደሩ ጋር አስቀምጡ። አንድሮይድ የራሱ የግዕዝ ፎንት ስላለው ለዋጋ ዝርዝር ፎንት ባትጨምሩም ፊደሉ ይታያል።

አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆኖ ከመጣ፣ የኤችቲኤምኤሉ ሄድ (የመግቢያ ክፍል) ውስጥ ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 የሚለው መስመር ጎድሏል። የፓይተኑ ሰርቨር ስለ ፊደሉ ለብሮውዘሩ ምንም አይነግርለትም፣ ፋይሉ ራሱ መናገር አለበት። መስመሩን ሄድ እንደጀመረ ወዲያው አስገቡት፤ ብሮውዘሩ የሚፈልገው በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ ነው። ገጹን በስልኩ ስፋት ልክ የሚያደርገው ቪውፖርት የሚለው ሜታም ከሌለ ገጹ እንደ ኮምፒውተር ገጽ ተጨምቆ ይመጣል። በእንግሊዝኛ የተለኩ ቁልፎችንም እዩ። "ባይ" (ግዛ) የሚለው የተመቸው ቁልፍ "ወደ ቅርጫት ጨምር" ሲባል ሁለት መስመር ይሆናል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ካሜራ ወይም የቦታ መጠቆሚያ የሚጠቀም ገጽ ሰርቨሩ ባለበት ስልክ ላይ ይሠራል፣ ሁለተኛው ላይ እምቢ ይላል። ብሮውዘሮች እነዚህን የሚፈቅዱት ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ላለው ገጽና ለሎካልሆስት ብቻ ነው። ላፕቶፕ ካላችሁ መፍትሔ አለው፦ ሰርቨሩን ላፕቶፑ ላይ አስነሱ፣ ስልኩን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ዩኤስቢ ዲበጊንግ አብሩ፣ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ፣ ስልክን ከኮምፒውተር በሚያዘው ኤዲቢ በሚባል መሣሪያ፦ ኤዲቢ፣ ክፍተት፣ ሪቨርስ፣ ክፍተት፣ ቲሲፒ ኮለን 8080፣ ክፍተት፣ እንደገና ቲሲፒ ኮለን 8080። አሁን ስልኩ ላይ ሎካልሆስት ስትሉ የሚመልሰው ላፕቶፑ ነው፣ ካሜራውም ይፈቀዳል።

አይፎን ላይ ኤ-ሼል የሚባል አፕ ፓይተን አለው፣ ግን አይፎን ከጀርባ ያለን አፕ ቶሎ ስለሚያስተኛ ሰርቨሩ አብሮ ይተኛል። አይፎኑን ለማየት ብቻ ተጠቀሙበት።

እንዳይተኛ፣ ከዚያም ማቆም

አንድሮይድም ስክሪን ሲጠፋ ተርመክስን ሊያስተኛው ይሞክራል። ሰርቨሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ተርመክስ፣ ሰረዝ፣ ዌክ፣ ሰረዝ፣ ሎክ ብላችሁ ጻፉ። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥም ለተርመክስ የባትሪ ቁጠባውን አንሱለት። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ሲስተሙ ከጀርባ የሚሠሩ ሂደቶችን ቆጥሮ ይገድላል፣ ገደቡ በጠቅላላው 32 ነው። "ሲግናል 9" የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ሁሉም ከተዘጋ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አንድሮይድ 14 ላይ ዴቨሎፐር ኦፕሽን (የተደበቀው የፕሮግራመሮች ሴቲንግ) ውስጥ ይሄን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ለፓይተን ሰርቨር ብቻ ብዙም አይገጥማችሁም፤ ኖድና ዳታቤዝ አብራችሁ ስታስነሱ ግን ይመጣል።

ሲበቃችሁ ከኪቦርዱ በላይ ካለው ረድፍ ኮንትሮልን ንኩና ሲ በሉ። ረድፉ ካልታየ የድምፅ መቀነሻውን ይዛችሁ ሲን ንኩ። ከዚያ ተርመክስ፣ ሰረዝ፣ ዌክ፣ ሰረዝ፣ አንሎክ። ኤግዚት ብላችሁ ውጡና ሆትስፖቱን አጥፉ፤ ባትሪውን የሚጨርሰው ከሰርቨሩ ይልቅ እሱ ነው።